የቃር መድኃኒት፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በብዙ ክርስቲያን ቤት፣ ይልቁንም በከተማ፣ ከመደርደሪያው በአንዱ ጥግ ነጭ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ ወይም እየታኘከ የሚዋጥ ክኒን አይታጣም። ሰዎች «የቃር መድኃኒት» ወይም «የጨጓራ መድኃኒት» ይሉታል፤ በሐኪሞች ዘንድ ግን ስሙ አንታሲድ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ከወጥ ቤት ዕቃ ይቈጥረዋል። አባት ሆዱን ባቃጠለው ጊዜ አንድ ማንኪያ ይጠጣል፤ እናት ራት በልታ ቃር ሲላት ከዚያው ትቀዳለች፤ ልጅም ሆዴን አመመኝ ቢል ከዚያው ይሰጠዋል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አልፎ ዶሮ ወጡ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉና ጠላው በአንድ ገበታ በሚቀርብበት በትንሣኤ ሰሞን ደግሞ ጠርሙሱ ፈጥኖ ባዶ ይሆናል።

እኛም በዚህ ወር ስለዚህ መድኃኒት ለመጻፍ የተነሣነው መድኃኒቱን ለመንቀፍ አይደለም። በሥርዐቱ ለወሰደው ሰው ፈጥኖ የሚያሳርፍ፣ ለብዙ ዘመንም ሲሠራበት የኖረ መድኃኒት ነው። ዳሩ ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ሁሉ ያለ ጥንቃቄ የሚወሰድ አይደለም። ይህ መድኃኒት ያለ ጊዜው ሲወሰድ በዚያው ቤት የሚወሰዱትን ሌሎች መድኃኒቶች ኀይል ሊያሳጣ፣ ያለ ወሰን ሲወሰድም ከባድ በሽታን ከባለቤቱ ሊሸሽግ ይችላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድሩ አባትና እናት ሦስት ነገሮችን በልባቸው እንዲይዙ እንወዳለን፤ እነዚህም መጠን፣ ሰዓትና የቀን ወሰን ናቸው።

ቃር ከምን ይመጣል?

የምንበላው ምግብ ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርደው በደረት ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ቧንቧ ነው። ጨጓራም ምግቡን ለመፍጨት፣ ከምግብ ጋር የገቡትን ብዙ ተሐዋስያን ለመግደል ኀይለኛ አሲድ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. የገለጠው ዊልያም ፕራውት የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ነበር። የጨጓራ ግድግዳ ይህን ኀይለኛ አሲድ የሚችልበት ወፍራም መከላከያ ሽፋን ተሰጥቶታል። የምግብ መውረጃው ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ስለዚህ በቧንቧውና በጨጓራው መካከል እንደ ከረጢት አፍ የሚቋጠርና የሚፈታ ጡንቻ አለ፤ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ምግቡ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ይህ ጡንቻ በላላ ጊዜ፣ ወይም ጨጓራ ከመጠን በላይ በሞላ ጊዜ፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ከደረት አጥንት በስተ ኋላ እንደ እሳት ያቃጥላል። አንዳንድ ጊዜም እስከ ጕሮሮ ደርሶ አፍን ያኮመጥጣል። ቃር የምንለው ይህ ነው።

ቃርን የሚያመጡና የሚያብሱ ነገሮች የታወቁ ናቸው። ከልክ ያለፈ ጥጋብ፣ ቅባት የበዛበት ምግብ፣ በልቶ ወዲያው መተኛት፣ ጠጅ፣ አረቄና ሌላውም የሚያሰክር መጠጥ፣ ሲጋራ፣ የሰውነት ውፍረት፣ ሆድን አጥብቆ መታጠቅ ከእነዚህ መካከል ይቈጠራሉ። ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለአንዳንዱ ሰው ይስማማሉ፤ አንዳንዱን ግን ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ሆድ መርምሮ ማወቅ ይገባዋል። እርጉዝ ሴትም ጽንሱ እያደገ ሲሄድ ጨጓራዋን ስለሚገፋው፣ የእርግዝናውም ጠባይ ያንን ጡንቻ ስለሚያላላው፣ ቃር ብዙ ጊዜ ያስቸግራታል።

የመድኃኒቱ ዓይነትና ጠባይ

አንታሲድ ጨጓራ አሲድ እንዳያመነጭ የሚከለክል አይደለም፤ የመነጨውን አሲድ ኀይል የሚያበርድ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እንደሚማሩት፣ አሲድ ተቃራኒው ከሆነው ከቤዝ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም የቀድሞ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። በጨጓራ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያሳርፋል፤ ነገር ግን ጨጓራ እንደ ገና አሲድ ማመንጨቱን አይተውምና ዕረፍቱ ለአጭር ጊዜ ነው።

በመድኃኒት ቤት የሚሸጡት አንታሲዶች ስማቸው ብዙ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ግን በአብዛኛው ከሚከተሉት ከአራቱ አንዱ ወይም የእነርሱ ድብልቅ ነው። የመጀመሪያው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይህ ፈጥኖ ይሠራል፤ ነገር ግን ሆድን ያላላል፤ ሲበዛም ያስቀምጣል። ሁለተኛው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይህ ረጋ ብሎ ይሠራል፤ ሆድንም ያደርቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሁለቱን ቀላቅለው የአንዱን ጠባይ በሌላው ያስታርቃሉ። ሦስተኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህ ኀይለኛና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እርሱም ሆድ ያደርቃል። አራተኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ይኸውም ለዳቦና ለኬክ የሚጨመረው ሶዳ ነው፤ ስለ እርሱ ዝቅ ብለን ለብቻው እንናገራለን። አንዳንዱ አንታሲድ ደግሞ በሆድ ውስጥ የተከማቸውን አየር የሚበትን ሲሜቲኮን የሚባል ነገር ይጨመርበታል። እንግዲህ መድኃኒት በሚገዛበት ጊዜ የጠርሙሱን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም ሰው ፋርማሲስቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ኦሜፕራዞል የሚባለውን ባለ ሽፋን ክኒን ብዙ ሰዎች ከአንታሲድ ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። አንድ ግን አይደለም። ኦሜፕራዞል አሲዱ ከምንጩ እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው፤ ሙሉ ኀይሉን የሚያሳየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ የሚወሰደውም ምግብ ከመቅረቡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ነው። ሆዱ በተቃጠለበት ሰዓት ኦሜፕራዞል ውጦ ወዲያው ዕረፍትን የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም አንታሲድን እንደ ኦሜፕራዞል ለወራት የሚወስድ ሰው፣ የሁለቱን ሥራ አለዋውጧል።

መጠን

የመድኃኒቱ መጠን በጠርሙሱ ወይም በካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ማሳለፍ አይገባም። የቤታችን ማንኪያዎች ትንሽም ትልቅም ስላሉባቸው በእነርሱ መስፈር አያስተማምንም። 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ የታዘዘው በራሱ መስፈሪያ መለካት አለበት። ፈሳሹ ሲቀመጥ ንጥረ ነገሩ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይነቅነቅ፤ ሳይነቀነቅ የተጠጣ እንደ ሆነ መጀመሪያ የጠጣው ሰው ውሃውን፣ በመጨረሻ የጠጣውም ዝቃጩን ይወስዳል። የሚታኘከውም ክኒን እስኪልም ድረስ ይታኘክ፤ ከዚያም ጥቂት ውሃ ይጠጣበት። ሳይታኘክ የተዋጠ እንደ ሆነ ሥራው ይዘገያል፤ ያነሰም ይሆናል።

«ጨጓራን የሚያለዝብ ነገር ቢበዛ ምን ይጐዳል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ። በቺካጎ ከተማ የነበረው ሐኪም በርትራም ሲፒ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. ለጨጓራ ቍስል ሕመምተኞች አንድ የሕክምና ሥርዐት አሳተመ፤ ይኸውም ወተትና አሲድን የሚያበርድ ዱቄት በየሰዓቱ እየተፈራረቁ እንዲሰጡ የሚያዝዝ ነበር። ሥርዐቱም ለብዙ ዓመታት ተሠራበት። ብዙ ሳይቈይ ግን ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ በደማቸው ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ሲያቅለሸልሻቸው፣ አእምሯቸው ሲደክም፣ ኩላሊታቸውም ሲጐዳ ታየ። ወተትም ሆነ ዱቄቱ መርዝ አልነበረም፤ የጐዳው የመጠኑ መብዛት ነው። ዛሬም ካልሲየም ያለበትን ክኒን እንደ ከረሜላ ቀኑን ሙሉ የሚያኝክ ሰው ወደዚያው ጕዳት ሊደርስ ይችላል። ወተትም ቢሆን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ በኋላ ጨጓራን አሲድ እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል።

ስለ ሶዳው ደግሞ እንዲህ ነው። ከዳቦ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ 600 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይገኝበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው ለቀን የሚመክረው ከ2000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው። እንግዲህ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሶዳ በጥብጦ ቢጠጣ ብዙ ጨው እንደ በላ ይቈጠራል። ከዚህም በላይ ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ብዙ አየር ይፈጥራል፤ ከበዓል ገበታ ከልክ በላይ ጠግቦ የተነሣ ሰው ሶዳ በላዩ ቢጠጣበት የተወጠረውን ጨጓራ ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጠዋል። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ሶዳ ከወጥ ቤቱ ሥራ አይለፍ። ጋዝ ያለበትም ውሃ ሲያስገሳ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨጓራን ስለሚነፋው ቃሩን መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ከአባቶቻችን የወረስነው ተልባ ለብዙ ሰው ለስላሳ መጠጥ ነው፤ አንነቅፈውም፤ ለቍስል ግን የሐኪምን ሕክምና ሊተካ አይችልም።

ሰዓት

አንታሲድ በባዶ ሆድ የተወሰደ እንደ ሆነ ከጨጓራ ፈጥኖ ስለሚወጣ የሚያሳርፈው ከ1 ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ከምግብ በኋላ 1 ሰዓት ያህል ቈይቶ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ከምግቡ ጋር ስለሚቈይ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሊያሳርፍ ይችላል። በሌሊት ቃር የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ወደ መኝታው ሲሄድ ይወስደዋል።

ከሁሉ ይልቅ አንባብያን እንዲያስተውሉልን የምንለምነው የሚከተለውን ነው። በአንታሲድ ውስጥ ያሉት ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየምና ካልሲየም አንዳንድ ሌሎች መድኃኒቶችን በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀራሉ። መድኃኒቱ ተውጧል፤ ወደ ደም ግን አልገባም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሕመምተኛውም መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያጓድል እየወሰደ ያልወሰደ ያህል ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ ትልቅ ቤተ ሰብ እናስብ። ምራቲቱ እርጉዝ ናት፤ ከጤና ጣቢያም ለደም ማነስ የብረት ክኒን ተሰጥቷታል። የቤቱ እመቤት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርገው ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በየማለዳው ይወስዳሉ። ወጣቱ ልጅ ለሕመሙ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞለታል። አጎትየው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረዋል። አንዲት ዘመድም ኤች አይ ቪን የሚገታውን ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች። የእነዚህ ሁሉ ሆድ በመድኃኒቱም በምግቡም ምክንያት አልፎ አልፎ ይቃጠላል፤ ሁሉም ከመደርደሪያው ካለው ከአንዱ ጠርሙስ ይቀዳሉ። ክኒኑንና ፈሳሹን በአንድነት የወሰዱ እንደ ሆነ የምራቲቱ ደም አይሞላም፤ የእመቤቲቱ ድካም ይመለሳል፤ የልጁ ሕመም አይለቅም፤ የአጎትየውና የዘመዲቱ መድኃኒትም ኀይሉ ሲጐድል በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ሐኪሙም የታዘዘውን በትክክል እየወሰዱ ለምን እንዳልተሻላቸው ሲጨነቅ ስለ ነጩ ጠርሙስ የሚነግረው የለም፤ ማንም እንደ መድኃኒት አልቈጠረውምና።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ይኸውም ጊዜን መለየት ነው። በጠቅላላው በአንታሲድና በሌላ መድኃኒት መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይሁን። የብረት ክኒንና ዶክሲሳይክሊን በዚህ ይጠቃለላሉ። ሌቮታይሮክሲን 4 ሰዓት ይፈልጋል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶሉቴግራቪር ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም ከአንታሲዱ 6 ሰዓት ዘግይተው ይወሰዳሉ። ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ከአንታሲዱ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቅደሙ። አንጀት ደርሰው እንዲሟሙ ሽፋን የተደረገላቸው ክኒኖችም ከአንታሲድ ጋር ከተዋጡ ሽፋናቸው ያለ ጊዜው ሊቀልጥ ይችላል። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ የሚያስቸግረው ሰው፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ወደ ፋርማሲስቱ ሄዶ ሰዓቱን በወረቀት ላይ ያስጽፍ።

ለእነማን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዥየምንና አሉሚኒየምን በሽንት ማስወጣት ስለሚሳነው በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀሙበታል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ፈቃድ አንታሲድ አይውሰድ። የዕድሜ ባለጠጎች የሆኑ አያቶቻችን ኩላሊታቸው ደክሞ ሳይታወቅ ሊቈይ ስለሚችል ለእነርሱም መጠየቅ ይሻላል። ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ የልጅ የሆድ ሕመም ከአሲድ ይልቅ በሌላ ምክንያት የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። እርጉዝ ሴት ካልሲየም ወይም የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም ድብልቅ ያለበትን በልኩ እንድትወስድ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ ሶዳ ግን አይመከርላትም፤ ከሁሉም በፊት የምትከታተላትን አዋላጅ ነርስ ትጠይቅ።

የቀን ወሰን

አንታሲድን ራሱ ገዝቶ የሚወስድ ሰው ከ14 ቀን ማለፍ የለበትም። በ14 ቀን ያልተወ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ቃጠሎ መመርመር አለበት። ይህን ማለታችን መድኃኒቱ ከ14 ቀን በኋላ መርዝ ስለሚሆን አይደለም፤ ቃጠሎው ራሱ የሌላ ነገር መልእክተኛ ሊሆን ስለሚችል ነው። መልእክተኛውን በየቀኑ እያስተኛን የላከውን ሳንጠይቅ የቀረን እንደ ሆነ በሽታው በስውር ሥር ይሰዳል።

ለብዙ ዘመን የጨጓራ ቍስል በጭንቀትና በቅመም ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር። በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ከሕመምተኞች ጨጓራ የተጠማዘዘ ተሐዋስ አግኝተው ለይተው አሳደጉ። ያን ጊዜ ብዙዎች በአሲድ ውስጥ ተሐዋስ ሊኖር አይችልም ይሉ ስለ ነበር አላመኗቸውም፤ ማርሻልም በ1984 ዓ.ም. ተሐዋሱን በራሱ ላይ ሊፈትን ጠጣውና ጨጓራው ታመመ። ይህ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ነው። በ2005 ዓ.ም. ሁለቱ ሐኪሞች ስለዚህ ግኝታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ተሐዋሱ በአገራችን በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዝዛቸው ልዩ ልዩ መድኃኒቶችም አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ታክሞ ይጠፋል። አንታሲድ ግን ለዓመታት ቢጠጣ አያጠፋውም። ኦሜፕራዞል ሲወስድ የቈየ ሰው ምርመራው ተሐዋሱን እንዳይስት ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ 2 ሳምንት ማቋረጥ ሊያስፈልገው ይችላልና።

ሁለተኛው የተሰወረ ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ ያቈስላሉም። ጕልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ዲክሎፌናክ እየዋጠ፣ ሆዱ ሲቃጠል አንታሲድ እየጠጣ፣ በአንድ እጁ የሚያቈስለውን በሌላ እጁ የሚያስታግሠውን እየወሰደ ብዙ ወራት ይቈያል። አንድ ቀንም ቍስሉ ይደማል። እንዲህ ያለው ሰው ማስታገሻውን ስለ መለወጥ ሐኪሙን ይማከር። አስፒሪን ለልብ ሕመም የታዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ አይተው።

ከዚህ ቀጥለን የምንዘረዝራቸው ምልክቶች በታዩ ጊዜ 14 ቀን መጠበቅ የለም። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስታወክ፤ እንደ ሬንጅ የጠቈረና የሚያጣብቅ ሰገራ፤ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ የማያቋርጥ ትውከት፤ ድንገተኛና ኀይለኛ የሆድ ሕመም፤ ከደም ማነስ የሚመጣ መገርጣትና መድከም፤ እነዚህ ሁሉ ወዲያው ወደ ሕክምና የሚያስሄዱ ናቸው። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው በክኒኑ ምክንያት ሊጠቍር ይችላል፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ይንገር።

ከእነዚህም የሚብስ አንድ አለ። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ቃር ላይሆን የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደግሞ የልብ ሕመም አንዳንድ ጊዜ የላይኛው ሆድ ማቃጠልና ማቅለሽለሽ ብቻ መስሎ ይመጣል። እንዲህ በሆነ ጊዜ አንታሲድ ሰጥቶ እስኪሻለው መጠበቅ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ሳይውል ሳያድር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ስለ ጾምና ስለ በዓል

ጾም ከተፈታ በኋላ ለሚመጣው ቃር የመጀመሪያው መድኃኒት የገበታ ልክ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሶ ከዶሮ ወጡ እስኪጠግቡ በልቶ ወዲያው መተኛት አሲዱን ወደ ላይ መጋበዝ ነው። በሌሊቱ ጥቂት ተቀምሶ የቀረው ለቀን ቢቈይ ገበታው አይሸሽም። በልቶ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቈየት፣ ሲተኙም በግራ ጐን መተኛት፣ የአልጋውንም ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት እንዲያድር ያደርገዋል።

የጨጓራ ሕመም ጸንቶበት በየሰዓቱ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ በራሱ አይቍረጥ፤ ሕመሙን ሸሽጎም አይጨነቅ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሥርዐት ሲደነግግ የታመመውን ሰው ለይቶ ይመለከታል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን ሰዓት ለንስሐ አባቱ ያስረዳ፤ ምክራቸውንም ይቀበል። ጠበል የሚጠጣም የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉምና። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት በመጀመሪያይቱ መልእክት ስለ ሆዱና ስለ ደጋግሞ መታመሙ ሲመክረው የሚያሳርፈውን ነገር ከነመጠኑ፣ ይኸውም ጥቂት እንዲሆን ነግሮታል። የሆድ ሕመም የሚያሳፍር አለመሆኑን፣ መድኃኒትም ልክ እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ይህን ዓምድ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ አንሥታችሁ ተመልከቱት። ጊዜው አልፎ እንደ ሆነ አስወግዱት። ካላለፈ ከሕፃናት እጅ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ የተጀመረበትንም ቀን ጻፉበት፤ ከዚያ ቀን 14 ቀን ቍጠሩ። ከቤተ ሰቡ መካከል ሌላ መድኃኒት የሚወስደው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ሰዓታቸውንም ለዩላቸው። ከ14 ቀን በኋላም ጠርሙሱን የሚፈልግ ሰው በቤታችሁ ቢኖር እርሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ አፍ ዝምታ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ጠርሙስ የቃር መድኃኒትም በሽታን ሊደብቅ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል።